ካምፓሱ ተዘጋ፤ የልጄ ሁለት ዓመት የት ገባ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ሦስቱም ከጎጃም ነው የመጡት፤ ከአዲስ ቅዳም፣ ከሞጣና ከደብረ ማርቆስ። ስለ ስም ስህተት፣ ስለ ጠፋ ዲፕሎማና ስለ ኮስት ሼሪንግ የጻፋችሁልኝ ለሚቀጥለው ወር ጠብቁኝ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ እኔ 26 ዓመት ሬጅስትራር ቢሮ የሠራሁ ሴት ነኝ። ሥራ ከለቀቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ግን አሁንም ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አስቁሞ ስለ ትራንስክሪፕት ይጠይቀኛል።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዊ፣ ከአዲስ ቅዳም ነው። ትልቋ ልጄ ውጭ አገር ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች። የምትማረው አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ እስያ ውስጥ በከፈተው ካምፓስ ነው። ክፍያውን የከፈልኩት አምስት ዓመት ያሳደግኩትን የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል ሸጬ ነው። የጎደለውን ወንድሜ ሞላልኝ። ገንዘቡን የላከልን አዲስ አበባ ያለ ኤጀንት ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ጨርሳለች። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ደወለችና «አባዬ፣ ካምፓሱ ሊዘጋ ነው» አለችኝ። የነገሯቸው በኢሜይል ነው። አራት መስመር። ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ ትምህርት የለም ይላል። ወደ ዋናው ግቢ መዛወር፣ በኦንላይን መጨረስ፣ ገንዘብ ማስመለስ እያለ ይዘረዝርና «አማራጮች እየታዩ ነው» ብሎ ያበቃል። ኤጀንቱ ስልክ አያነሳም። ባለቤቴ ትመለስ ትላለች። ወንድሜ እዚያው ትጠብቅ ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል። ሁለት ዓመቷን ውሃ በላው ማለት ነው?»
የልጅቷ አባት

መልስ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። አልበላውም። ሊበላው ግን ይችላል። የሚወስነው ልጅዎ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የምትሰበስበው ወረቀት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሲደውሉላት «ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?» ብለው አይጀምሩ። እሱ ይደርሳል። «ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽን አወጣሽ?» ብለው ይጀምሩ።

ለምን እንደምቸኩል ልንገርዎ። አንድ ተቋም ሲዘጋ ሕንፃው ለወራት ባዶውን ይቆማል። ሠራተኛው ግን ወሬው በተሰማ ማግስት ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ የተማሪ ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ቦታ ቶሎ ይፈለጋል። ከዚያ ወዲያ ኢሜይል ብትልክ የሚመልስላት ማሽን ነው። ፖርታሉ ይዘጋል። የተማሪ ኢሜይሏም ይዘጋል። ከመምህራኖቿ ጋር የተጻጻፈችው፣ የክፍያ ማረጋገጫው፣ ያ አራት መስመር ደብዳቤ ራሱ አብሮ ይሄዳል። ዛሬውኑ ሁሉንም ወደ ግል ጂሜይሏ ታሻግር። ፖርታሉ ላይ ያለውን ውጤት ስክሪንሾት ታንሳ። እርስዎ ጋም በወረቀት ታትሞ ይቀመጥ። በኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ከዚያ ሬጅስትራር ቢሮ በእግሯ ትሂድ። ወንበር ስባ ትቀመጥ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታውጣ፤ ፖስታው የታሸገ፣ ማኅተም ያረፈበት። አንድ አይበቃትም። የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ያልተከፈተ ፖስታ ይፈልጋልና ቢያንስ አምስት ታውጣ። ለራሷ ስቱደንት ኮፒ ትያዝ። እስከዚህ ቀን ድረስ በመልካም ሁኔታ ስትማር እንደቆየች የሚገልጽ ደብዳቤ ታጽፍ። ካምፓሱ የሚዘጋው በተቋሙ ውሳኔ መሆኑን ከነቀኑ የሚናገር ሌላ ደብዳቤም ያስፈልጋታል። አለበለዚያ ነገ አንዱ ቢሮ «ለምን አቋረጥሽ?» ይላታል። በመጨረሻም የኮርስ አውትላይን፣ የተማረችው የእያንዳንዱ ኮርስ።

አውትላይኑን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። እኔ ግን ከትራንስክሪፕቱ እኩል ነው የማየው። ትራንስክሪፕት «ዳታ ስትራክቸር፣ ቢ ፕላስ» ብሎ ዝም ይላል። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ምን ምን ምዕራፍ ተማረች፣ ስንት ሰዓት ተማረች፣ በየትኛው መጽሐፍ ተማረች ብሎ ይጠይቃል። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አውትላይኑን ከራሱ ኮርስ ጎን አስቀምጦ ነው የሚያስተያየው። «ይሄ ከኛው ጋር አንድ ነው» ካለ ክሬዲቱ ይያዝላታል። አውትላይን ከሌለ መልሱ «ድገሚ» ነው። ኃላፊው ክፉ ሆኖ አይደለም። ያላየው ነገር ላይ አይፈርምም።

አንድ ልጅ አለ፣ ዛሬም ፊቱ ከዓይኔ የማይጠፋ። ከቢቸና በኩል ነው የመጣው። የሚማርበት የርቀት ትምህርት ማእከል ተዘግቶበት ወደኛ ሊዛወር ፈለገ። ፌስታል ይዟል። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው። ሁሉም የባንክ ደረሰኝ ነው። ሦስት ዓመት የከፈለበት፣ አንዱም ሳይጎድል፣ በየወሩ ተደርድሮ። ውጤት የተጻፈበት አንድም ወረቀት የለውም። «ግሬድ ሪፖርት በኋላ ይሰጣችኋል ብለውን ነበር» አለኝ። አንድ ሠራተኛ ልከን ማእከሉን አስፈለግን። ቤቱ የሞባይል ጥገና ሱቅ ሆኗል። ልጁ ከአንደኛ ዓመት ጀመረ። መክፈሉን ያስረዳል፤ መማሩን የሚያስረዳለት አልነበረም። እኔም አልረዳሁትም። ልረዳው የምችልበት መስመር ፎርሙ ላይ አልነበረም።

እኔ ራሴ ከእንዲህ ያለው ነገር የተረፍኩት በብልጠት አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ወጥቼ በ1980 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ሄድኩ፤ ካርኮቭ። በግንቦት 1983 ሦስተኛ ዓመት ፈተና ላይ ሳለሁ የላከኝ መንግሥት ወደቀ። በታኅሣሥ 1984 ደግሞ የተቀበለኝ አገር ፈረሰ። ሶቭየት ኅብረት ገብቼ ከዩክሬን ተመረቅኩ። ዶርሜ ግን ያው ነበር፣ አልጋዬም ያው። ያን ክረምት ስታይፔንዳችን ድንች እንኳ በቅጡ አይገዛም። «ሁላችሁም ትባረራላችሁ» የሚል ወሬ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።

ኪሴ ውስጥ ግን ዛቾትካ ነበረችኝ። ዛቾትካ እያንዳንዱ ተማሪ የሚይዛት፣ ፎቶው የተለጠፈባት ትንሽ ደብተር ናት። ፈተና ስትጨርስ መምህሩ እዚያው ፊትህ የትምህርቱን ስም፣ ሰዓቱን፣ ውጤቱንና ቀኑን ይጽፍና ይፈርምባታል። ዩኒቨርሲቲው ቢቃጠል ያለፍከው ትምህርት በእጅህ ነው። ከጓደኞቼ መካከል በዚያች ደብተር ሌላ አገር ተቀባይነት አግኝተው የጨረሱ አሉ። የልጅዎ ካምፓስ ዛቾትካ አልሰጣትም። ስለዚህ የራሷን ራሷ ታዘጋጅ ነው የምልዎ።

አሁን ወደ መዘጋቱ እንምጣ። ሁለት ዓይነት መዘጋት አለ። አንደኛው አዲስ ተማሪ መቀበል አቁሞ፣ ያሉትን አስጨርሶ በሩን የሚዘጋ ነው። የአሜሪካው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ ኳታር ውስጥ ምህንድስና ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ቦርዱ ቴክሳስ ላይ ተሰብስቦ 7 ለ 1 በሆነ ድምፅ ይዘጋ አለ። የሚዘጋው ግን በ2028 ነው። ሲንጋፖር ውስጥ የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ጋር የከፈተው ኮሌጅም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይዘጋል ሲባል ተማሪው ዱብ ዕዳ ነው የሆነበት። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ግን በ2025 ከዚያው ተመረቁ።

ሁለተኛው ዓይነት ድንገት የሚዘጋ ነው፤ የልጅዎን ይመስላል። የአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሲንጋፖር ውስጥ ካምፓስ ከፍቶ እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ማስተማር ጀመረ። በጁን አበቃ። አንድ ሴሚስተር! ወደፊት እስከ 15,000 ተማሪ ይኖረኛል ብሎ ተነስቶ የመጡለት 148 ብቻ ነበሩ። ሒሳቡ አልወጣም። ለነዚያ ልጆች ግን ሲድኒ ባለው ዋና ግቢ ቦታ ተሰጣቸው። በጽድቅ ብቻ አይመስለኝም። ዋናው ዩኒቨርሲቲ ለስሙ ይፈራል፤ ነገ ሌላ አገር ሄዶ ተማሪ መፈለጉ አይቀርም።

ስለዚህ ደብዳቤ የምትጽፈው ለካምፓሱ ብቻ አይሁን። እንግሊዝ ላለው ዋናው ሬጅስትራር በቀጥታ ትጻፍ። ከዚያ በፊት ግን የተቀበሏትን ደብዳቤ አውጥታ የማን ተማሪ እንደሆነች ትመልከት። ደብዳቤው በዋናው ዩኒቨርሲቲ ስም የወጣ ከሆነ፣ መታወቂያ ቁጥሯም የዋናው ከሆነ፣ የተዘጋው ሕንፃው ነው፤ ተማሪነቷ አልተዘጋም። ቋንቋዋም እንደዚያ ይሁን። «እርዱኝ» አትበል፤ «ተማሪያችሁ ነኝ፣ የት እንድጨርስ ወስናችኋል?» ትበል። ደብዳቤው የአገሬው ባለሀብት ባቋቋመው ኮሌጅ ስም ወጥቶ ከታች በትንሽ ፊደል «በትብብር» የሚል ካለበት ግን ነገሩ ይከብዳል። ያን ጊዜ ደብዳቤው በግልባጭ ለዚያ አገር የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይድረስ። ፈቃዱን የሰጠው እሱ ነው። ደግሞ ብቻዋን አትጻፍ። አብረዋት የሚማሩት አንድ ላይ ቢፈርሙ ይሰማሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። «ገንዘብሽን ለማስመለስ ይህን ፎርም ሙዪ» ይሏታል። ፎርሙ የዊዝድሮዋል ከሆነ፣ በፈቃዷ ለቀቀች ማለት ነው። በፈቃዱ ለቀቀ ለተባለ ተማሪ ቦታ የማፈላለግ ግዴታ የለብኝም ሊል የሚችል ተቋም አለ። ምን እንደምትፈርም አንብባ፣ ኮፒውን ይዛ ትፈርም። ካላወቀች «ለአባቴ ላሳየው» ብላ ትውጣ። እርስዎ እንግሊዝኛውን ባይረዱት ምንም አይደለም። ምክንያቱ ለመውጣት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ብዙ ጊዜ ተመላሽ ክፍያ የሚሄደው ወደ ላከው አካውንት ነው። የላከላችሁ ኤጀንቱ ነው። ስልክ የማያነሳው ሰው! ዛሬ ለካምፓሱ ፋይናንስ ክፍል በጽሑፍ «የክፍያዬ ተመላሽ በእኔ ስም ካለ አካውንት ውጭ አይላክ» ብላ ታሳውቅ። ደረሰኙም ከእጇ ይኑር፤ ኤጀንቱ የሰጣችሁ የእጅ ወረቀት አይበቃም፣ ዩኒቨርሲቲው የቆረጠው ያስፈልጋል። ደግሞ በዶላር የከፈሉት በዶላር ይመለስ። የመጀመሪያውን ዓመት ሲከፍሉ ዶላር በባንክ 57 ብር እንኳ አልደረሰም ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከ100 ብር አልፏል። «በጊዜው በነበረው ምንዛሪ በብር ልስጥህ» የሚል ኤጀንት ቢመጣ ምን እያለዎት እንደሆነ ገብቶዎታል።

ትመለስ ወይስ ትቆይ? እኔን ከጠየቁኝ፣ ወረቀቷን ሰብስባ እስክትጨርስ ትቆይ። ግን የቪዛዋን ቀን ዛሬ ትቁጠር። በብዙ አገር የተማሪ ቪዛ ከትምህርት ቤቱ ጋር የታሰረ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የመቆያው ቀን ያጥራል። ያለ ቪዛ የተገኘች ልጅ ደግሞ ለሚቀጥለው አገር ቪዛ ስትጠይቅ ያ ነገር ይከተላታል።

ወደ ዋናው ግቢ መዛወር ያምራል። እንግሊዝ ግን ኑሮውም ክፍያውም ሌላ ነው። «በምን ዋጋ?» ብላ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ በነበረው ክፍያ ካልሆነ ለእርስዎ አማራጭ አይደለም። ኦንላይኑን ከመቀበሏ በፊት እርስዎ ወይም ወንድምዎ አዲስ አበባ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ብቅ በሉ። የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። ግማሹ በአካል፣ ግማሹ በኦንላይን የተጨረሰ ዲግሪ እንዴት እንደሚታይ አስቀድሞ መስማት ይሻላል። ከተመረቀች በኋላ መስማት ያማል።

አገር ቤት ገብታ ልትጨርስ ካሰበች የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ይጠየቃል። ይህን በደብዳቤዎ አልነገሩኝም፤ አልወቅስዎም። የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ብዙ ወላጅ ከዚያ ወዲህ ነው ልጁን ወደ ውጭ የላከው። ውጤቷ ካልደረሰ አገር ውስጥ መዛወሩ እሾህ አለበት። ከደረሰ ደግሞ እዚህ ስትጨርስ የመውጫ ፈተና አለባት። ሌላም ልንገርዎ፣ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ በስሜ ዲግሪ ለመስጠት ከክሬዲቱ ብዙውን እኔ ጋ ተማሪ ይላል። ከዚህ አንፃር ልጅዎ ሦስተኛ ዓመቷን ሳትጨርስ መሆኑ፣ አባባሉ ቢከብድም፣ ይሻላታል። ሊመረቁ አንድ ተርም የቀራቸው ናቸው የሚያሳዝኑኝ።

ጥያቄ

«እትዬ፣ እኔ ከሞጣ ነኝ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሌላ አገር ባለው ካምፓስ ተቀብሎኛል። ኤጀንቱ «የአሜሪካ ዲግሪ በግማሽ ዋጋ» ይለኛል። የሁለት ዓመቱን አንድ ላይ ከከፈልኩ ቅናሽ አለው ብሏል። ስለ መዘጋት ስሰማ ፈራሁ። እንደማይዘጋ በምን አውቃለሁ?»

መልስ

አታውቅም፣ ልጄ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አያውቅም። ግን ጥቂት ጥያቄ ጠይቅ።

ስንት ጊዜ አስመርቋል? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። የአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ኤምሬትስ ውስጥ ራስ አል ኸይማ ላይ ካምፓስ ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ተማሪ እንኳ ሳያስመርቅ ዘጋ። ገንዘቡን የሚያወጣው የአገሬው ወገን ነበር፤ በበጀቱ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ሚሺጋን ስቴት ደግሞ ዱባይ ላይ ከፍቶ በሁለት ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲያቆም 85 ተማሪ ነበረው። እነዚህ ትልልቅ ስሞች ናቸው። ስም አያድንም። አራት አምስት ጊዜ ያስመረቀ ካምፓስ ግን ቢያንስ ጥርሱን አብቅሏል።

ቀጥሎ፣ ኪራዩንና ደመወዙን የሚከፍለው ማነው? የአገሬው መንግሥት ወይም ባለሀብት ከሆነ፣ እሱ ሐሳቡን የቀየረ ቀን ያበቃል። የተማሪ ክፍያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለው ጠይቅ። ዲግሪውን የሚፈርመው ማነው? ከላይ ለአዲስ ቅዳሙ አባት የጻፍኩትን አንብበው፣ አልደግመውም። እና «ብትዘጉ ያለሁበትን አስጨርሳችሁ ነው ወይ?» ብለህ በኢሜይል ጠይቅ። መልሱን አትመህ አስቀምጠው። መልስ ካልሰጡህ እሱም መልስ ነው።

የሁለት ዓመቱን አንድ ላይ አትክፈል። ቅናሹ ማር ቢሆን አትክፈል። ኤጀንቱ በአብዛኛው ባመጣው ተማሪ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲው ኮሚሽን ያገኛል። ክፉ ሰው ነው አልልህም። ግን የሚያገኘው አንተ ስትገባ ነው፤ ስትመረቅ የሚጨምሩለት የለም። በተርም ክፈል።

አንድ አንባቢ አምና «ፈረንጅ የከፈተው ሁሉ ጥሎ ይሄዳል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ልክ አይደለም። ዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋሙት የአሜሪካ ኦክላሆማ ሰዎች ናቸው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈረመ፣ በ1968 ለኢትዮጵያውያን አስረክበው ሄዱ። ኮሌጁ ግን አለ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእኛው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየቶች ርዳታ ነው የተከፈተው። ሶቭየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች፣ ፖሊው አለ። ለምን ቢባል፣ የተሠራው ለኛ ሊተው ነው። አንተ የምትሄድበት ካምፓስ የተከፈተው ለማን እንደሆነ አስብ። ሱቅ ከሆነ፣ ሱቅ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። ከሱቅ ጥሩ ዕቃ መግዛት ይቻላል፤ እኔም እገዛለሁ። ግን ደረሰኝ ይዤ ነው።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። የእህቴ ልጅ የሚማርበት የውጭ ካምፓስ ተዘግቶበት ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። እኔ ጋ ነው ያለው። እናቱ በመንደሯ «ተባሮ ነው የሚሉኝን አልችልም» ብላ ወደኔ ላከችው። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ስልክ ይነካካል። ሰው ቤት ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ወረቀቶቹን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ይቆጣል። ምን ልበለው?»

መልስ

ለጊዜው ምንም አትበይው፣ እህቴ። «አይዞህ» እንኳ ብዙ አትበይ፤ ሁለት ወር ሲሰማው ሰልችቶታል።

እኛ አገር ትምህርት ቤት መበተን እንደ አዲስ ነገር መታየቱ ይገርመኛል። የቅኔ ተማሪ የኔታው ሲያርፉ ወይም ድርቅ ሲገባ ኮሮጆውን አንሥቶ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዲማ ይሄድ የለም እንዴ? «ከማን ተማርክ?» ይባላል፣ ይናገራል። ከዚያ «እስቲ ቅኔ ዝረፍ» ይባላል፣ ይዘርፋል። ባወቀው ልክ ቦታው ይሰጠዋል። ተባረረ የሚለው የለም። ለእናቱ ይህን ንገሪያት፤ የጎጃም ሰው ናት፣ ይገባታል።

ለልጁ ግን ምሳሌ አያስፈልገውም። ወረቀቶቹን እንዲያሳይሽ መጠየቁንም ተይው። የሚቆጣው የጎደለ ወረቀት ስላለ ይመስለኛል። ትራንስክሪፕቱን ሳያወጣ መጥቶ ይሆናል። ከሆነም አልዘገየም። ካምፓስ ሲዘጋ የተማሪ መዝገብ በብዛት ወደ ዋናው ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ኢሜይሉን እሱ ራሱ ይጻፍ። የተማሪ ቁጥሩ፣ የተማረበት ዓመት፣ የፓስፖርቱ ኮፒ፣ በቃ። መልስ ካልመጣ በሁለት ሳምንቱ ይድገም። እኔ በሥራዬ ዘመን ለአራተኛ ጊዜ ለጻፈልኝ ሰው ቶሎ ነበር የምመልሰው፤ ከኅሊናዬም፣ ከመሰልቸቴም።

እኔ በ1985 ዓ.ም. ስመለስ እናቴ ዲፕሎማዬን አይታ ምንም አላለችም። ዛቾትካዬን ግን ገልጣ ፎቶዬን አየችው። ከፊቴ በታች ያለውን ፊርማ ሁሉ በጣቷ ቆጠረች። ሩሲያኛ አታውቅም፤ አማርኛም ከዳዊቷ ውጭ ብዙ አታነብም ነበር። ከዚያ ከዳዊቷ ጋር ማኅደሩ ውስጥ ከተተቻት። ዛሬም እዚያው ናት።

መልሱ ሲመጣለት አብረሽው አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሂጂ። ቢሮው በር ላይ ግን ተይው፣ እሱ ይግባ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሁን። ሰኞ ሬጅስትራር ጋ ሰልፉ አይጣል ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሰው አታገኙም።